ምዕራፍ አራት፦ ፈረንሳይኛ በምዕራብ አፍሪካ እንዴት ሥር ሰደደ?

የሴኔጋል ወንዝ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ሴን ሉዊ የምትባል የደሴት ከተማ አለች። ዣን ዳር የተባለ ፈረንሳዊ መምህር በ1817 ትምህርት ቤት የከፈተው በዚህች ከተማ ነው (በምዕራፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዳር ልጆቹን መጀመሪያ በአፍ መፍቻቸው በወሎፍ ማንበብና መጻፍ አስተማራቸው፤ ፈረንሳይኛውን ከዚያ አስከተለ። የወሎፍ መዝገበ ቃላትና ሰዋስውም አሳተመ። ከእሱ በኋላ የመጡት ግን ይህን አካሄድ ተዉት። ከዳር የጀመርኩት በምክንያት ነው፤ ሌላ አካሄድ እንደነበረ፣ ተሞክሮም እንደነበር አንባቢ እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ።

የፈረንሳይን ቅኝ ግዛት ከባሕሩ ዳርቻ ወደ መሀል አገር የገፋው ሉዊ ፌዴርብ ነው። በ1854 አገረ ገዥ ሆኖ ተሾመ፤ በ1855 ደግሞ የታጋቾች ትምህርት ቤት ከፈተ። ስሙ ዓላማውን አይደብቅም። ባላባቶች ልጆቻቸውን በመያዣነት ይሰጣሉ፤ ልጆቹ ፈረንሳይኛ ተምረው አስተርጓሚ ወይም የአካባቢ ሹም ሆነው ይመለሳሉ። አባት እንዳይሸፍት ልጅ መያዣ ሆነ፤ ልጁ ሲያድግ ደግሞ ለገዥው አፍና ጆሮ ይሆናል።

በ1895 በምዕራብ አፍሪካ ያሉት የፈረንሳይ ግዛቶች በአንድ አስተዳደር ሥር ተጠቃለሉ፤ ይህ ፌዴሬሽን ኋላ ላይ ከሞሪታኒያ እስከ ኒጀር ስምንት ቅኝ ግዛቶችን ያቀፈ፣ ከፈረንሳይ ብዙ እጥፍ የሚሰፋ ግዛት ሆነ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ፈረንሳይ ሕዝቡን በሙሉ ፈረንሳይኛ ለማስተማር አልተነሳችም። የሚያስፈልጋት ጸሐፊ፣ አስተርጓሚ፣ መምህርና የሕክምና ረዳት ነበር፤ ለዚያ ደግሞ ጥቂት ሰው ይበቃል። አብዛኛው ልጅ የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ አደገ። ቋንቋውን ኃያል ያደረገውም ይኸው ብርቅነቱ ነው። ገበሬው ግብር ሲጣልበት፣ ለግዳጅ ሥራ ሲታፈስ፣ ያለ ፍርድ ሲታሰር በእሱና በሹሙ መካከል የሚቆመው አስተርጓሚው ነበር። አስተርጓሚው የፈለገውን አጉልቶ፣ ያልፈለገውን ውጦ ማለፍ ይችላል። አማዱ ሃምፓቴ ባ በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ ዋንግሪን የተባለ አስተርጓሚን ሕይወት የተረከው ይህን ሥልጣን ከቅርብ ስለሚያውቀው ነው።

ትምህርት ቤት የገቡት ጥቂቶችም ቢሆኑ ዋጋ ከፍለዋል። በክፍልና በግቢ ውስጥ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲናገር የተገኘ ተማሪ አንገቱ ላይ እንጨት ወይም አጥንት ይንጠለጠልበታል። ከዚያ የሚገላገለው ሌላ ጥፋተኛ ጓደኛውን ይዞ ሲያስረክብ ነው፤ ቀኑ ሲያልቅ አንገቱ ላይ የቀረበት ልጅ ይቀጣል። በፈረንሳይ በራሷም የብሬተን ቋንቋ ተናጋሪ ልጆች ተመሳሳይ ቅጣት ደርሶባቸዋል። ከግርፋቱ ይልቅ እኔን የሚያመኝ ልጅን በልጅ ላይ ሰላይ ማድረጉ፣ የእናቱንም ቋንቋ ከነውር ማስቆጠሩ ነው።

የትምህርቱ ጫፍ በ1903 የተቋቋመው፣ ኋላ ዊልያም ፖንቲ የተባለው የመምህራን ማሠልጠኛ ነበር። ከስምንቱም ግዛቶች የመጡ ወጣቶች እዚያ ሲገናኙ የጋራ መግባቢያቸው ፈረንሳይኛ ብቻ ሆነ። የኮትዲቯሩ ሁፉዌ ቧኚ፣ የማሊው ሞዲቦ ኬይታ እና የኒጀሩ ሃማኒ ዲዮሪ የዚያ ትምህርት ቤት ፍሬዎች ናቸው። የነፃነት ጥያቄ የቀረበውም በዚሁ ቋንቋ ነበር።

በ1960 አብዛኞቹ አገሮች ነፃ ሲወጡ ፈረንሳይኛ አልተዳከመም፤ ይልቁንም ተስፋፋ። አዲሶቹ መንግሥታት ቅኝ ገዥው ያልከፈታቸውን ትምህርት ቤቶች ከፈቱ፤ የመምህሩም የመጽሐፉም ቋንቋ ግን ፈረንሳይኛ ነበር። ከብዙ ቋንቋዎች አንዱን መርጦ ሌላውን ማስከፋትም ያስፈራቸው ነበር። ጊኒ በሴኩ ቱሬ ዘመን በአገር ቋንቋዎች ማስተማር ጀምራ ነበር፤ እሱ በ1984 ሲሞት ትምህርቱ ወደ ፈረንሳይኛ ተመለሰ።

ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን ልብ ወለዶቹን በፈረንሳይኛ ይጽፍ ነበር። የጻፈላቸው ሰዎች ማንበብ እንደማይችሉ ሲያይ ፊቱን ወደ ሲኒማ አዞረ። በ1968 ማንዳቢን በወሎፍ ሠራ፤ ከፓሪስ የተላከለትን ገንዘብ በወረቀት ጣጣ ምክንያት ማውጣት ያቃተው ያልተማረ አባወራ ታሪክ ነው። የፖስታ ቤቱና የመዘጋጃ ቤቱ ወረቀት ለባለታሪኩ ለምን ግድግዳ እንደሆነበት ለመረዳት ፊልሙን ማየት ከብዙ ትንተና ይሻላል።

ማሊ በ2023 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት ብሔራዊ ቋንቋዎቿን ይፋዊ አድርጋ ፈረንሳይኛን ወደ ሥራ ቋንቋነት ዝቅ አድርጋለች። እኔ ውሳኔውን እደግፋለሁ። ነገር ግን የጊኒ ልጆች በአንድ ትውልድ ሁለት ጊዜ ቋንቋ እንዲቀይሩ ተደርገዋል፤ ያ እንዳይደገም የባምባራው፣ የፉላውና የሶንጋዩ መማሪያ መጽሐፍ ታትሞ፣ መምህሩም ሠልጥኖ መቅረብ አለበት።