ካሜራውን የሚይዘው ጠባቡ ጫፍ ነው

ማንገቻ የሚገዛ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ትከሻ ላይ በሚውለው ሰፊ ክፍል ነው። ስፖንጁን ጫን ጫን ያደርጋል፣ ቀለሙን ያያል፣ አንገቱ ላይ አድርጎ ይሞክራል። ሰፊው ክፍል ግን ተበጥሶ ካሜራ ሲጥል የሚታየው ከስንት አንዴ ነው። አደጋው ያለው ማንገቻው ከካሜራው ጋር በሚገናኝበት፣ ከጣት በማይረዝም ቦታ ላይ ነው፤ ወይ ጥብጣቡ ከዘለበቱ ይሾልካል፣ ወይ ቀለበቱ ይከፈታል፣ ወይ ብሎኑ ይላላል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ማንገቻ ሲያነሡ መጀመሪያ ጫፉን ይዩት።

ቀጥሎ የራስዎን ካሜራ ጆሮዎች ይመልከቱ። ጆሮ የምለው ከካሜራው አናት ግራና ቀኝ ያሉትን ማንገቻ የሚታሰርባቸውን ሁለት ብረቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ የቀረበችው የመጀመሪያዋ ላይካ ይህ ጆሮ አልነበራትም፤ የምትነገተው በቆዳ ማኅደሯ ነበር። ዛሬ በሙያተኞች እጅ ያሉት ካሜራዎች ጆሮ በሁለት ይከፈላል። በብዙዎቹ የካኖንና የኒኮን ካሜራዎች ላይ ጆሮው ጠፍጣፋ ስንጥቅ ስለሆነ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የናይለን ጥብጣብ በቀጥታ ያልፍበታል። በላይካና በብዙ የፉጂፊልም ካሜራዎች ላይ ደግሞ ጆሮው ትንሽ ክብ ቀዳዳ ነው፤ ጥብጣብ ስለማያስገባ መጀመሪያ ቀለበት ይገባበታል። ይህን ሳያዩ የተገዛ ማንገቻ ብዙ ጊዜ በክር ወይም በሽቦ ተቀጥሎ ይታሰራል። እንዲህ ያለውን ማሰሪያ አይመኑት።

የጥብጣቡ አስተሳሰር ከሁሉም በላይ ትኩረት ይፈልጋል። ብዙ ሰው ጫፉን በጆሮው አሳልፎ፣ በዘለበቱ ላይ አንድ ጊዜ አዙሮ፣ ትርፉን ወደ ውጭ ይተወዋል። ይህም ይይዛል፤ ነገር ግን የተንጠለጠለውን ጫፍ ልብስ ወይም ሰው ሲጎትተው ቀስ በቀስ ሊላላ ይችላል። የተሻለው እንዲህ ነው። ጫፉን መጀመሪያ በትንሿ የፕላስቲክ ማቀፊያ ያስገቡ፣ ከዚያ በካሜራው ጆሮ ያሳልፉና መልሰው በዚያችው ማቀፊያ ያውጡት። አሁን ዘለበቱ ላይ ያለውን ጥብጣብ ላላ አድርገው ወደ ላይ ያንሡትና ጫፉን ከሥሩ፣ ማለትም በነባሩ ጥብጣብና በዘለበቱ መካከለኛ ዘንግ መካከል፣ ያስገቡት። ከዚያ ሁሉንም አጥብቀው ይሳቡ። የካሜራው ክብደት ወደ ታች በጎተተ ቁጥር የላይኛው ጥብጣብ የታችኛውን ከዘንጉ ጋር ይጨምቀዋል። ካሜራውን የሚይዘው ይህ ጭመቃ ነው፤ ዘለበት ጥርስ የለውም፣ ኃይሉ ሰበቃ ብቻ ነው። ከዘለበቱ የሚያልፈው ትርፍ ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር ይሁን። ለማሳመር ብሎ ትርፉን በመቀስ የሚቆርጥ ሰው ጥብጣቡ ሲንሸራተት የማስጠንቀቂያ ጊዜውን አብሮ ቆረጠ ማለት ነው።

አዲስ ናይለን ያንሸራትታል። ስለዚህ ካሰሩ በኋላ ዘለበቱ ጠርዝ ላይ፣ ጥብጣቡ ላይ፣ በእስክሪብቶ ትንሽ መስመር ያስምሩ። ካሜራውን አልጋ ላይ ከፍ አድርገው እያንዳንዱን ወገን ለየብቻ በኃይል ጎተት ጎተት ያድርጉት። መስመሩ ከቦታው ከተነቃነቀ ፈተው እንደገና ይሰሩት። በቀጣዮቹ ቀናትም መስመሩን ማየት ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም።

ክብ ጆሮ ላላቸው ካሜራዎች የሚገባው ቀለበት አሠራሩ የቁልፍ መያዣ ቀለበት ነው፤ ሁለት ዙር የተጠመጠመ ብረት። ስህተቱ የሚሠራው ቀለበቱን ግማሽ መንገድ አስገብቶ መተው ላይ ነው። ሁለቱም ዙሮች በጆሮው ውስጥ እስኪያልፉ ድረስ ማሽከርከር ያስፈልጋል። በጥፍር ካልተከፈተ በቀጭን መፍቻ ያላሉት፤ በፒንሳ ከተለጠጠ ግን ስፕሪንግነቱ ይጠፋና ራሱን መልሶ አይዘጋም። ከቀለበቱ ሥር የሚገባውን ትንሽ ቆዳ ወይም ፕላስቲክ አይጣሉት፤ ብረቱ የካሜራውን ቀለም እንዳይፍቅ የሚከላከለው እሱ ነው።

በሠርግ ፎቶ አንሺዎች ዘንድ የተወደደው ሌላው የማንገቻ ዓይነት፣ ከካሜራው ሥር በትሪፖድ ቀዳዳው ላይ በብሎን ታስሮ ከትከሻ ወደ ጎን የሚወርደው ነው። ካሜራው ተዘቅዝቆ ከዳሌ አጠገብ ይቀመጣል፣ ሲፈለግ በጥብጣቡ ላይ እየተንሸራተተ በፍጥነት ዓይን ጋ ይደርሳል። ምቾቱን አልክድም። ሆኖም ሙሉ ክብደቱ በአንድ ባለ ሩብ ኢንች ብሎን ላይ ነው፤ ብሎን ደግሞ በተራመድን ቁጥር በሚነቃነቅና በሚሽከረከር ነገር ላይ ሲሆን የመላላት ባሕርይ አለው። የላስቲክ ቀለበቱ ሳይኖር አይሰሩት፤ ላስቲኩ ተጨምቆ ብሎኑን ወጥሮ ይይዘዋል። በጣት ኃይል ጥብቅ አድርገው፣ በሥራ መሀል ደጋግመው ይዳስሱት። በፒንሳ ማጥበቅ የካሜራውን ጥርስ ይበላል። ከሁሉ የሚሻለው መድኅን ከካሜራው ጆሮ ወደ ማንገቻው የምትሄድ አጭር ተጨማሪ ገመድ ናት፤ ብሎኑ ቢወጣ እንኳ ካሜራው መሬት አይደርስም። ከባድ ሌንስ ካለ ደግሞ ብሎኑ በሌንሱ እግር ላይ ይግባ። የካኖን 70-200 ኤፍ 2.8 ሌንስ ሁለተኛው ትውልድ 1.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ከብዙ ካሜራዎች ይከብዳል። በካሜራው ከተንጠለጠለ ጭነቱን የሚሸከመው ሁለቱ የሚጋጠሙበት ቀለበት ነው።

ፒክ ዲዛይን የተባለው ኩባንያ የሚሠራቸው፣ በቀጭን ገመድ ከጆሮው ጋር ታስረው በአንድ ጠቅታ የሚገቡና የሚወጡ ክብ ቁልፎችም አሉ። ኩባንያው ከ90 ኪሎ በላይ ይችላሉ ይላል፤ የገመዱ ሽፋን ሲበላ ከውስጥ ሌላ ቀለም ይታያል፣ ያኔ መቀየር ነው። ተመሳስለው የተሠሩ ርካሾች ግን ይህ ማስጠንቀቂያ ይኑራቸው አይኑራቸው ሳይረጋገጥ ውድ ካሜራ አይንጠልጠልባቸው።

ጫፉ ከተረጋገጠ በኋላ ስለ ትከሻው እናስብ። ካኖን 5ዲ ማርክ 4 ከ24-70 ኤፍ 2.8 ሌንስ ጋር 1.7 ኪሎ ገደማ ነው፤ ፍላሽ ሲጨመር ከሁለት ኪሎ ያልፋል። ይህን ከሙሽሮች ቤት እስከ ማታው ግብዣ አንገት ላይ ማዋል ለአከርካሪ ደግ አይደለም። ከአንድ ትከሻ በደረት በኩል አግድም ይነገት፤ ስፋቱም አራት ወይም አምስት ሴንቲ ሜትር ይሁን። ለስላሳው ተለጣጭ ላስቲክ ክብደቱን ያቀለለ ይመስላል፣ ነገር ግን በእርምጃ ካሜራውን ያዘልለዋል፤ ለሚሮጥ ሰው አልመርጠውም። የአገራችን ቆዳ ጥሩ ማንገቻ ይወጣዋል፤ ሲገዙ ጫፉ ላይ ያለውን ስፌት ይመርምሩ፣ በአንድ መስመር ብቻ ከተሰፋ ወይም በሙጫ ብቻ ከተያያዘ ይለፉት። ጥምቀት ላይ፣ ጎንደር በፋሲለደስ መዋኛም ይሁን በጃን ሜዳ፣ ውኃው ሲረጭ ማንገቻውም መራሱ አይቀርም። የራሰ ቆዳ ፀሐይ ላይ ከደረቀ ይሰነጠቃልና ጥላ ውስጥ ይድረቅ፤ ለእንዲህ ያለው ቀን ናይለን ይሻላል። በሕዝብ መሀል አግድም መንገት ከመንጠቅም ያድናል። ርዝመቱን ሲለኩ ካሜራው ዳሌ ላይ እንዲያርፍ ያድርጉ፤ ከዚያ ከወረደ ደረጃና በር ይመታዋል።

ካሜራው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ማንገቻው ተጠቅልሎ አብሮ ይቀመጥ። ከጠርዙ የተንጠለጠለ ማንገቻ የሕፃን እጅ ይጠራል፣ የወንበር እግርም ይይዘዋል። ትሪፖድ ላይ በነፋስ ቀን ሲሠራም እየተወዛወዘ ፎቶውን ስለሚያደበዝዝ ቢወልቅ ይመረጣል። ጥብጣቡ በጆሮው መታጠፊያ ላይ መሸብሸብና ክሩን መበተን ሲጀምር ዕድሜው አልቋል፤ ያኔ ለጀማሪ ጓደኛ አይሰጥም፣ ሌላ ሰው እንዳይጠቀምበት ለሁለት ተቆርጦ ይጣላል።