አደይ አበባ ለከርሞ የሚመለሰው ዘሩ ሲደርስ ነው

ክረምቱ ተገባዶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከእንጦጦ ጀርባ የተዘረጋው የሱሉልታ ሜዳ ቢጫ ይለብሳል። በቡራዩ ተዳፋቶችና በሰበታ ዙሪያ ባሉ የማሳ ዳርቻዎችም ይኸው አበባ ይታያል። በአማርኛ አደይ አበባ፣ በአፋን ኦሮሞ ኬሎ ይባላል።

አደይ አበባ የአንድ ተክል ስም ብቻ አይደለም። በሳይንስ ቢደንስ በተባለው ወገን የሚመደቡ ተቀራራቢ ዝርያዎች ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራሉ፤ በስፋት የሚታወቀው ቢደንስ ማክሮፕቴራ ነው። ቢደንስ በላቲን «ባለ ሁለት ጥርስ» ማለት ሲሆን፣ ስያሜው የመጣው በብዙዎቹ ዘር ጫፍ ላይ ከሚገኙት ሹል ጥርሶች ነው። በልብስ ላይ እየተሰካ መንገደኛን የሚያስቸግረው የሰይጣን መርፌም የዚሁ ወገን ነው፤ መልኩን ግን አልወረሰም።

አንድ የሚመስለው አበባ በቅርብ ሲታይ የብዙ ትንንሽ አበቦች ስብስብ ነው። ዙሪያውን የከበቡት ንቦችን ይስባሉ፤ ዘር የሚይዙት ግን መካከል ላይ የታጨቁት ናቸው። ኑግ፣ ሱፍና በአውሮፓ ሜዳዎች የሚታወቀው ዴዚም የዚሁ ሰፊ ቤተሰብ አባላት ናቸው።

ተክሉ በክረምቱ ዝናብ ይበቅላል፤ ሐምሌና ነሐሴን ከሣሩ ሳይለይ ያሳልፋል፤ መስከረም ላይ ያብባል። ጥቅምት ሲገፋ አበባው ረግፎ ዘሩ ይደርሳል። ከዝርያዎቹ መካከል ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት የማያልፍ አሉ። እነዚህ ለከርሞ የሚኖሩት ዘራቸው መሬት ላይ ከወደቀ ብቻ ነው።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የሱሉልታ ሣር ድርቆሽ ሆኖ ለአዲስ አበባ የወተት ላሞች ይቀርባል፤ አጨዳውም ከዘሩ መድረሻ ጋር ይገጣጠማል። ሣሩ ሳይደርቅ ማጨድ ለገበሬው ይጠቅማል። ስለዚህ ሜዳውን ሁሉ ሳያጭዱ ይቆዩ ማለት አይቻልም። በቦይና በድንበር ዳር ጥቂት ሳይታጨድ ቢቀር ግን ዘሩ ይተርፋል፤ ንቦችም ከዋናው የማር ቆረጣ በፊት የሚቀስሙት ያገኛሉ። በሰብል መካከል የበቀለው አረም ነውና መታረሙ ተገቢ ነው።

በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሦስቱ ከተሞች እየሰፉ ሲሄዱ፣ ሜዳው ለቤትና ለመንገድ ቦታ እየለቀቀ ነው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለመስቀልና ለኢሬቻ አበባውን የሚለቅሙ ነዋሪዎች ተክሉን ከሥሩ ከመንቀል ይልቅ ቅርንጫፉን ቢቆርጡ፣ የቀረው ክፍል እስከ ጥቅምት ዘር ይሰጣል።