ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ስለ ተማሪዎች ምግብና እንቅስቃሴ

ተዛማች በሽታ በአገር ላይ በወረደ ጊዜ ትምህርት ቤትን መዝጋት ሕዝብን ከሞት ለማዳን የሚደረግ ነገር ነው። ነገር ግን የሚቋረጠው ንባብና ሒሳብ ብቻ እንዳይደለ መምህራንና ሽማግሌዎች ልብ ሊሉት ይገባል። ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ይራመዳል፤ በዕረፍት ሰዓት ይሮጣል፤ አንዳንዱም በዚያው ይመገባል። በሩ በተዘጋ ቀን እነዚህ ሁሉ አብረው ይቀራሉ።

ይህም በ2012 ዓ.ም. በግልጥ ታየ። የኮሮና በሽታ መጋቢት 4 ቀን በኢትዮጵያ መገኘቱ ታወቀ፤ መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ መንግሥት አዘዘ። በየተራ የተከፈቱትም ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ነው።

ለምሳሌ በአዲስ አበባ ምዕራብ ያለውን ጦር ኃይሎችን መመልከት ይበቃል። ይህ ሰፈር የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ያለበት፥ ከአያት የሚመጣው የከተማ ባቡር የሚቆምበት፥ መኪና የሚበዛበት ስፍራ ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ ቤቱ ጠባብ ለሆነ ልጅ የሚሮጥበት ሜዳ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ነው። በዚያም ዓመት በከተማይቱ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች ቁርስና ምሳ ይሰጥ ነበርና፥ የቀን ሠራተኛው ገቢ በቀነሰበት ወራት የትምህርት ቤቱ ማዕድ ታጠፈ። የገጠር ልጅ ግን ከብት ይጠብቃል፥ ውኃ ይቀዳል፤ ስለዚህ ከእንቅስቃሴ ይልቅ የሚያስፈልገው ዕረፍትና በቂ ምግብ ነው።

ስለ ምግብ፥ እህልና ጥራጥሬ አብረው ሲበሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር ወጥ፥ ጎመን ተጨምሮበት፥ በጾም ወራት እንኳ ልጅን ይጠቅማል። ስኳር የበዛበት መጠጥና ብስኩት ግን ሆድን ቢሞላ ሰውነትን አያንጽም። ሎሚ፥ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በሽታውን ይከለክላሉ ተብሎ በዚያ ወራት ተወርቶ ነበር፤ ለምግብ መልካም ቢሆኑም ኮሮናን መከልከላቸው አልተረጋገጠም።

ስለ እንቅስቃሴ፥ የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መምሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በየቀኑ በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን እንዲያሠሩ መክሯል። ይህም በአንድ ጊዜ መሆን የለበትም፤ በየጥቂቱም ይሆናል። ገመድ መዝለልና ሰኞ ማክሰኞ ሰው ሳይሰበሰብ በደጃፍ የሚሠሩ ናቸው። ትኩሳት ያለበት ልጅ ግን ይረፍ።

በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ፥ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጡ፤ ሌላም ሊመጣ ይችላል። እንግዲህ መምህር በትምህርት ቤት ማዕድ የሚኖሩትን ልጆች ስም በጤናው ወራት ጽፎ ይያዝ፤ የዕድር ሽማግሌዎችም በሩ በተዘጋ ጊዜ እህሉ ወደ እነዚህ ልጆች ቤት የሚደርስበትን መንገድ አስቀድመው ይምከሩበት።