ከስኔሩ ኋላ ያሉት እጆች

የሂፕ ሆፕና የጀንግል ከበሮ ሁሉ ማሽን የሚመታው ከመሰላችሁ ጠጋ በሉ፣ ስቱዲዮ ውስጥ የምንባባለውን ሹክ ልበላችሁ። ከብዙዎቹ ሥራዎች ሥር ከድሮ ሸክላ ተቆርጦ (ሳምፕል ተደርጎ) የገባ የሁለት ድራመሮች እጅ አለ። ክላይድ ስተብልፊልድ በ1969 (እ.ኤ.አ.) ሲንሲናቲ ላይ ከዘፋኙ ጄምስ ብራውን ጋር «ፈንኪ ድራመር»ን ቀዳ። በዚያው ዓመት ግሪጎሪ ኮልማን ከዊንስተንስ ባንድ ጋር «አሜን ብራዘር» ላይ ለሰባት ሰከንድ ያህል ብቻውን መታ።

የስተብልፊልድ ምስጢር ጎልቶ የሚሰማው ምት ላይ አይደለም። በጎሉት መካከል ስኔር የተባለውን ከበሮ በእንጨቱ ጫፍ እየዳበሰ የሚጥላቸው፣ ለጆሮ የሚያመልጡ ምቶች አሉ። እነሱን ብታወጧቸው ሰዓቱ ይቀራል፣ ጭፈራው ይጠፋል።

የሂፕ ሆፕ ሳምፕሎች ሻካራ ድምፅስ? መነሻው የቦታ ጥበት ነው። በ1987 የወጣው ኤስፒ-1200 የተባለው ሳምፕለር በጠቅላላው የሚይዘው 10 ሰከንድ ድምፅ ብቻ ነበር። ስለዚህ ቢት ሠሪዎች በደቂቃ 33 ዙር የሚሽከረከረውን ሸክላ በ45 እያስሮጡ ይቀዱና ማሽኑ ውስጥ መልሰው ያዘገዩት ነበር። ቦታ ይተርፋል፤ ያ የምንወደው ሻካራነትም አብሮ ይመጣል።

ዝቅ ባለ ድምፅ የምናወራው ግን የገንዘቡን ጉዳይ ነው። ሳምፕል ስናስፈቅድ የምንፈርመው ከዘፈኑ ደራሲና ከቅጂው ባለቤት ጋር ነው፤ ድራመሩ ከሁለቱም የለበትም። «ፈንኪ ድራመር» የተመዘገበው በጄምስ ብራውን ስም ነው። ስተብልፊልድ ምቱ ከራፕ ቡድኑ ፐብሊክ ኤነሚ ጀምሮ በስንቱ ዘፈን ውስጥ እየተሰማ፣ ከዚያ ሁሉ እምብዛም ሳያገኝ በ2017 አረፈ። ኮልማን በ2006 አትላንታ ውስጥ ቤት አልባ ሆኖ ሞተ። የእሱ ሰባት ሰከንድ ግን እንግሊዝ አገር ለጀንግልና ለድራም ኤንድ ቤዝ ሙዚቃ መሠረት ሆኗል! የዊንስተንስ መሪ ሪቻርድ ስፔንሰር እንኳ በ2015 ያገኘው አድናቂዎች ያዋጡለትን 24,000 ፓውንድ ያህል ነው።

ይህ ዕዳ የእኛ የቢት ሠሪዎቹ ነው። ከበሮ ቆርጣችሁ የምትሠሩ ልጆች፣ የባንዱን ስም ብቻ ጽፋችሁ አትለፉ፤ የድራመሩን ስም ፈልጉና አስፍሩ። በሕይወት ካለ ደግሞ ሕግ ባያስገድዳችሁም ከምታገኙት አካፍሉት።