የመቅደላው እስረኛና የቂሮስ ሸክላ

(ድምፅ፦ የገበያ ጫጫታ፣ ቁሓ)

በትግራይዋ ቁሓ ገበያ መሐል ቆማችሁ «ኪሮስ!» ብላችሁ ብትጣሩ፣ «አቤት» የሚል ሰው አታጡም። ወላጆች ስሙን የሚያወጡት ለጻድቁ ለአቡነ ኪሮስ ብለው ነው። የስሙ ሥር ግን ከጻድቁም ዘመን አልፎ ፋርስ ድረስ ይወርዳል። ዕዝራና ኢሳይያስ «ቂሮስ» የሚሉት ንጉሥ ስም ነው።

(ምስል፦ ፓሳርጋድ ያለው የቂሮስ መቃብር፣ ከሩቅ)

የቂሮስን ታሪክ ከመጽሐፍ ቅዱስ ታውቁታላችሁና አናስረዝመውም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ550 የሜዶንን ንጉሥ ድል ነሣ። ልድያን አስገበረ። በ539 ባቢሎንን ያዘ። በ530 ሲሞት፣ እስከዚያ ዘመን ማንም ንጉሥ ያልገዛውን ያህል ሰፊ ግዛት ትቶ አለፈ። መንገዱ ደም ነበረበት፤ ባቢሎን ከመግባቱ በፊት በኦፒስ ከባድ እልቂት ተፈጽሟል። ዕዝራ የሚያስታውሰው ግን ከዚያ በኋላ ያደረገውን ነው። ናቡከደነፆር ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የዘረፋቸውን የወርቅና የብር ዕቃዎች ከግምጃ ቤት አስወጣ፤ አስቆጠረ፤ ለባለቤቶቹ አስረከበ። ቁጥራቸው 5,400 ነበር።

(ምስል፦ የሸክላው ጽሑፍ፣ በቅርበት)

ቂሮስ ራሱ ያጻፈው ሸክላም አለ፤ ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም። በርሜል ይመስላል። በላዩ ቂሮስ በባቢሎን ቋንቋ ይናገራል፤ ከየመቅደሳቸው ተነሥተው የነበሩትን አማልክት ወደየስፍራቸው፣ ሕዝባቸውንም ወደየቀዬው መለስኩ ይላል። ኢየሩሳሌምን በስም አይጠራም፤ ነገሩ ግን ከዕዝራ ጋር ይገጥማል። ይህን ሸክላ ከባቢሎን አፈር ያስወጣው ሰው ደግሞ እኛው አገር በእግር ብረት ታስሮ የከረመ ነው።

ሆርሙዝድ ራሳም ይባላል። የሞሱል ተወላጅ፣ አሦራዊ ክርስቲያን። በወጣትነቱ ነነዌ ላይ ቆፍሮ የጊልጋሜሽ ታሪክ የተጻፈባቸውን ሸክላዎች አግኝቷል። በኋላ ዓደን ላይ የእንግሊዝ መንግሥት ሹም ሆነ። ዐፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ አጥቶ፣ በቁጣ የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን ሲያስሩ፣ የንግሥቲቱን ደብዳቤ ይዞ እንዲሄድ የተመረጠው እርሱ ነው። የመግቢያ ፈቃድ ሲጠብቅ ምጽዋ ላይ ከዓመት በላይ ተቀመጠ። ንጉሡ ፊት የቀረበው በጥር 1858 ዓ.ም. ነው። ቴዎድሮስ ወደዱት፤ በክብር ተቀበሉት። ጥቂት ወራት እንኳ ሳይቆይ ነገሩ ተበላሸ። በሐምሌ ወር መቅደላ አምባ ላይ ወጥቶ እግሩ በብረት ተያዘ።

የነነዌ ነገሥታት ምርኮኞቻቸውን ሲነዱ የሚያሳዩ የድንጋይ ቅርጾችን ከአፈር ያወጣ ሰው፣ አሁን ራሱ ሰንሰለት እየጎተተ ሲራመድ አስቡት። ታስሮም ቢሆን የንጉሡ ወዳጅ ነበር። መልእክት ይልኩለታል፤ ደኅንነቱን ይጠይቁታል። ብረቱ ግን እግሩ ላይ ነው። እንዲህ ሆኖ 21 ወራት ያህል መቅደላ ላይ አሳለፈ።

(ምስል፦ ከአጉላዕ ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ፤ የእንደርታ ሜዳ)

እርሱንና ሌሎቹን እስረኞች ሊያስፈታ የመጣው የእንግሊዙ አዛዥ የናፒየር ጦር ከዙላ ተነሥቶ በሰንዓፈ፣ በዓዲግራትና በአጉላዕ አድርጎ ወደ ሕንጣሎ ሲወርድ ያለፈው፣ ዛሬ ቁሓ ባለችበት በዚሁ በእንደርታ ምድር ነው። ዝሆኖች መድፍ ተሸክመው አለፉ። የትግራዩ ገዥ ካሳ ምርጫ፣ የኋላው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ ለጦሩ መንገድና ስንቅ ሰጡ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀች፤ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ። ራሳም ነጻ ወጥቶ በመጣው ጦር መንገድ ወደ ባሕር ተመለሰ። ከዚያም ወደ ቁፋሮው። በ1871 ዓ.ም. ሠራተኞቹ ባቢሎን ላይ የቂሮስን ሸክላ አገኙ። ሸክላው ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ገባ።

ፕሮግራማችን እዚህ ላይ ሊያበቃ ነበር የታሰበው። ነገር ግን በዚያው የእንደርታ መንገድ ራሳም ብቻውን አልተመለሰም።

(ምስል፦ ጨለማ። ድምፅ የለም።)

ለዚህ ክፍል የምናሳያችሁ ምስል የለንም፤ ሊኖረንም አይገባም። መቅደላ ስትዘረፍ ምርኮው በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ። ለብሪቲሽ ሙዚየም የሚገዛ ሰው ከጦሩ ጋር አብሮ መጥቶ ነበር። መጻሕፍት ሄዱ፤ አክሊልና ጽዋ ሄዱ፤ ታቦታትም ሄዱ። ዛሬ በዚያ ሙዚየም ዕቃ ቤት 11 የኢትዮጵያ ታቦታት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይገኛሉ። ከካህናት በቀር ማንም እንዳያያቸው ተሸፍነዋል፤ የሙዚየሙ ሠራተኞችም አያዩአቸውም። ለሕዝብ አይታዩም፤ ለጥናት አይቀርቡም፤ ለባለቤቶቻቸውም አይመለሱም።

ሙዚየሙ እጄን ያሰረኝ እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው ሕግ ነው ይላል። ኤድንብራ ያለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ግን ከቁም ሣጥኑ የመቅደላን ታቦት ባገኘ ጊዜ ብዙ አላሰበም። በ1994 ዓ.ም. መለሰው፤ አዲስ አበባ በእልልታ ተቀበለችው።

የተማረኩ ቅዱሳት ነገሮችን ወደየስፍራቸው መለስኩ የሚለው የቂሮስ ሸክላና እነዚህ ታቦታት የአንድ ሙዚየም ንብረት ተብለው ተመዝግበዋል። ሸክላውን ለዓለም የሚያሳዩት የሙዚየሙ ኃላፊዎች በላዩ የተጻፈውን አንብበዋል። ታቦታቱን ይመልሱ።