ትኋን ፎቅ የሚወጣው እንዴት ነው?

ነገሩ የታየው ሀዋሳ በምንኖርበት ኮንዶሚኒየም፣ በቡና ሰዓት ነው። ከሦስተኛ ፎቅ የመጡት እናት ሁለተኛውን ሲኒ ሲቀበሉ እጅጌያቸው ሸሸት አለና ክንዳቸው ላይ በአንድ መስመር የተደረደሩ አራት ቀያይ እብጠቶች ብቅ አሉ። "የሐይቁ ቢንቢ አላስተኛ አለኝ" ብለው ነጠላቸውን ሳብ አደረጉ። እኛም ስለ ወባ አንስተን ተጫወትን። እኔ ትከሻዬ ላይ እንደዚያው ያለ እብጠት ካየሁ ሁለተኛ ሳምንቴ ነበር፤ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። በኋላ እንደተረዳሁት፣ ያን ዕለት አብረን ቡና ከጠጣነው አምስት ቤተሰቦች አራታችን ቤት ትኋን ነበረ። አራታችንም አፍረን ዝም ብለን ነበር።

ይህን የምጽፈው ያ ዝምታ ስንት እንቅልፍና ስንት ገንዘብ እንዳስከፈለን ስላየሁ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትኋን የአንድ ቤት ጉዳይ ሆኖ አይቀርም። ለምን እንደማይቀር የሚገባን ፍጥረቱን ስናውቀው ነው።

ያን ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የእጅ ባትሪ ይዤ አልጋዬን ፈተሽኩ። በፍራሹ ጠርዝ ዙሪያውን በሚሄደው ስፌት ላይ፣ በእስክሪብቶ ጫፍ የተነካኩ የሚመስሉ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ነበሩ። ጥጥ አርጥቤ ሳሻቸው ቡናማ ቀይ ሆነው ተቀቡ። ትኋኑ መጥጦ ያወጣው የእኛው ደም ነው። ቀጥዬ የራስጌው ጣውላ ከጎኑ ጋር የሚጋጠምበትን ብሎን ፈታሁ። ቀዳዳው ውስጥ ተሰብስበዋል፦ ትልልቆቹ ምስር የሚያክሉ፣ ጠፍጣፋና ቀይ ዳማ፤ ትንንሾቹ የገረጡ፣ ውስጣቸው የሚታይ፤ በመካከላቸው ደግሞ እንጨቱ ላይ የተጣበቁ፣ የነጭ ጤፍ ፍሬ የሚያክሉ እንቁላሎች። ብሎኑን ስነቀንቀው ሽታ ወጣ። ትኋን ሲደነግጥ የሚለቀው ነገር እርጥብ የድንብላል ቅጠል ሲታሽ ከሚሰጠው ሽታ ጋር ዝምድና አለው፤ ብዙ ትኋን ያለበት ክፍል የሚሸተውም ለዚህ ነው።

ትኋን አይዘልም፣ ክንፍም የለውም። መራመድ ብቻ ነው የሚችለው። ቀን ቀን ከተኛንበት ብዙ በማይርቅ ስንጥቅ ውስጥ ተለጥፎ ይውላል። ሌሊት፣ በተለይም ሊነጋጋ ሲል፣ ትንፋሻችንንና የገላችንን ሙቀት ተከትሎ ይመጣል። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይመጥጥና ውሃ ውስጥ እንዳደረ ምስር ተነፍቶ ወደ ስንጥቁ ይመለሳል። የሚያሳክከን ምራቁ ነው፤ እሱም የሚያሳክከው ሰውነታችን ሲቆጣ ብቻ ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት አንድ አልጋ ላይ ተኝተው አንዱ ሌሊቱን ሲያክ ሲያድር ሌላው ገላው ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። "እኔን አልነከሰኝም" የሚል ሰው ቤቱ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ትኋን በሽታ ከሰው ወደ ሰው ማስተላለፉ እስካሁን አልተረጋገጠም። ነገር ግን ታክኮ የቆሰለ ገላ ያመረቅዛል፣ እንቅልፍ የተነሣ ልጅም ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል።

ከእንቁላሉ የወጣው ትኋን ለአቅመ እንቁላል እስኪደርስ አምስት ጊዜ ቆዳውን ይገፋል፤ ቆዳውን ለመግፋት በየጊዜው ደም መጥጦ መጥገብ አለበት። እንደ ሀዋሳ ባለ ሞቅ ያለ አየር እንቁላሉ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል፤ ከዚያ አንድ ወር አለፍ ሲል ራሱ ወላጅ ይሆናል። አንዷ እንስት በሕይወቷ 200 እና ከዚያም በላይ እንቁላል ትጥላለች። ሰው ካጣ ደግሞ ሳይበላ ወራት ይቆያል። ቤቱን ቆልፎ አንድ ወር ዘመድ ጋ መሰንበት ትኋንን አይገድለውም፤ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ዘመድ ቤት የመድረስ ዕድል ነው የሚሰጠው።

አሁን ወደ ፎቁ። የትኋን ወንድ እንስቷን የሚያጠቃት ሆዷን በመውጋት ነው፤ ደጋግሞ ሲወጋት ትቆስላለች፣ ዕድሜዋም ያጥራል። ስለዚህ የጠገበችና ዘር የያዘች እንስት ከመንጋው ሸሽታ ለብቻዋ ቦታ ትፈልጋለች። ሸሽታ የምትሄድበትን መንገድ ሕንፃው ራሱ አዘጋጅቶላታል። የመብራት ሽቦ የሚያልፍበት ቱቦ ከእኔ ሶኬት ተነሥቶ የጎረቤቴ ሶኬት ጀርባ ይደርሳል። የውሃና የፍሳሽ ቧንቧው ወለሉን በስቶ ከምድር ቤት እስከ ላይ ይወጣል፤ ዙሪያው ብዙ ጊዜ በደንብ አልተደፈነም። ከዚያ በተረፈ የበር ሥርና ደረጃው አለ። እሷ አንዲት ብቻ ብትሆንም አዲስ መንጋ ለመጀመር ትበቃለች።

በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ በአንድ ከፍተኛ የመኖሪያ ሕንፃ ተመራማሪዎች ይህን ተከታትለውት ነበር። የመጀመሪያው ትኋን ከታወቀ በኋላ በ41 ወራት ውስጥ 101 ቤቶች፣ ማለትም ከመቶ 45ቱ፣ ትኋን ገብቶባቸዋል። ትኋን ካለባቸው ቤቶች ጎን የሚገኙት ደግሞ ከግማሽ በላይ ተይዘው ተገኙ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው፤ ትኋን ከተገኘባቸው ቤቶች ነዋሪዎች ግማሽ ያህሉ መኖሩን አያውቁም ነበር።

ወደ ሕንፃው መጀመሪያ የሚገባው እንዴት ነው ለሚል፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ ዕቃ ይዞ ነው። ሀዋሳ ደግሞ እንግዳ የማያጣት ከተማ ናት። ለፍቼ ጫምባላላ፣ ለገብርኤል ንግሥ፣ ለዩኒቨርሲቲው ምዝገባ ሰው ይጎርፋል፤ ፍራሽ በየሳሎኑ ይነጠፋል። ከቁራሌው የተገዛ ሶፋ፣ የለቀቀ ተከራይ ትቶት የሄደ ቁም ሣጥንም ይዞ ይመጣል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከየወረዳው ለሥራ የመጡ ወጣት ሴቶች ሦስትና አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ አንዷ ከሌሊት ፈረቃ ስትመለስ ሌላዋ የተነሣችበት አልጋ ላይ ትተኛለች። ትኋን ሲገኝ ጣት መጀመሪያ የሚቀሰረው እነሱ ላይ ነው። ልብ ይበላል። "አንቺ ነሽ ያመጣሽው፣ ልቀቂ" የተባለች ልጅ ፍራሿን ተሸክማ ሌላ ሰፈር ትገባለች፤ ትኋኑም አብሮ ሰፈር ይቀይራል፣ ግድግዳው ውስጥ የቀረውም አይነቃነቅም። ይህ ነውር የድሃ ቤት ነውር አይደለም። ፓሪስ በ2016 ዓ.ም. መባቻ በትኋን ወሬ ስትታመስ ሚኒስትሮች ተሰብስበው መክረዋል፤ የፈረንሳይ የጤና ደኅንነት ተቋም በ2017 እና በ2022 እ.ኤ.አ. መካከል ከአሥር ቤተሰብ ከአንድ በላይ ትኋን እንደገባበት ገምቶ ነበር።

ታዲያ መድኃኒት ብንረጭስ? እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። አንድ የሚረጭ ሰው ጠራሁ፤ ሽታው ሦስት ቀን ሳይለቀን ቆየ፣ በአራተኛው ቀን እከኩ ተመለሰ። ከጎኔ ያለችው ጎረቤቴ ደግሞ ባሏ የተነከሰው እኔ ባስረጨሁ በሳምንቱ መሆኑን በኋላ ነገረችኝ። በጣም አፈርኩ። የሚረጨው መድኃኒት አብዛኛው ከአንድ ወገን የሆነ፣ የነፍሳትን ነርቭ የሚያውክ ነው። የደረሰባቸውን ደካሞች ይገድላል፤ እንቁላሉን ብዙ ጊዜ አይነካም፤ ቀሪዎቹ በሶኬቱ ቀዳዳ ወደሚቀጥለው ቤት ይበተናሉ።

የከፋው መላመዱ ነው። ዲዲቲ ሲወጣ ትኋንን ድራሹን አጠፋ ተብሎ ነበር፤ ነገር ግን ገና እ.ኤ.አ. በ1947 በሐዋይ ፐርል ሃርበር የጦር ሰፈር ዲዲቲ የማይገድላቸው ትኋኖች ተገኙ። በእኛ አገር ዲዲቲ ለወባ መከላከያ እስከ 2001 ዓ.ም. ገደማ በየቤቱ ግድግዳ ይረጭ ነበር፤ ከእኛ ብዙ በማይርቀው አዳሚ ቱሉም ይዘጋጅ ነበር። ዛሬ ቤት ውስጥ የምንረጨው አብዛኛው መድኃኒት የዲዲቲ ዘመድ ባይሆንም ነርቭን የሚመታው በዚያው በር ነው። ስለዚህ ዲዲቲን የለመደ ትኋን ለአዲሱም ግማሽ መንገድ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። አጎበራችን የተነከረበትም ይኸው ወገን ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፦ "አጎበሩ ትኋን አልገደለም፣ ምን ይሠራል" ብለው ጠቅልለው ያስቀመጡ ሰዎች አውቃለሁ። አጎበር የሚሰቀለው ለወባ ትንኝ ነው። ሐይቅ ዳር ተቀምጦ አጎበር ማውረድ ልጅን ለወባ መስጠት ነው።

ሁለት ነገሮችን ደግሞ ማንም እንዳይሞክራቸው እለምናለሁ። አንዱ የነቀዝ ክኒን ነው። እህል ውስጥ የሚደረገው ያ ክኒን እርጥበት ሲያገኝ የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል፤ ትኋኑ በሚያልፍበት ስንጥቅ ጋዙም አልፎ ጎረቤት የተኛ ሕፃን ዘንድ ይደርሳል። ሁለተኛው ላምባ አልጋ ላይ ማርከፍከፍ ነው፤ ከሰል በሚቀጣጠልበት ቤት ምን ሊከተል እንደሚችል መናገር አያሻም።

የሚሠራው ነገር ሙቀት ነው። ሙቀት ትኋን እንደሚላመደው መድኃኒት አይደለም። 48 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ከቆየ እንቁላሉም ጭምር ይሞታል፤ ከ50 ዲግሪ በላይ ሲሆን ጊዜው በጣም ያጥራል። አንሶላ፣ አልጋ ልብስና ልብስ ከአልጋው ላይ ሳይራገፍ በቀጥታ ፌስታል ውስጥ ታስሮ ይወጣል፤ በመተላለፊያው ላይ ከተራገፈ ለጎረቤት ዘራንለት ማለት ነው። የሚችለው በ60 ዲግሪ ውሃ ይታጠባል። የአልጋው እንጨት ይፈታና በረንዳ ወይም መታጠቢያ ቤት ወስዶ በየቀዳዳው ከማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ማፍሰስ ነው፤ እናቶቻችን ያደርጉት የነበረው ልክ ነበር። ፍራሽ ፀሐይ ላይ ማስጣት ግን ብቻውን አይበቃም፤ ትኋኑ ከሚሞቀው ፊት ወደ ጥላው ፊት ይዞራል፣ የስፖንጁ ውስጥም ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀራል። ፍራሹን በሙሉ ዚፕ ባለው ልባስ ውስጥ ከትቶ ለወራት አለመክፈት ይሻላል።

ከዚያ አልጋውን ደሴት ማድረግ ነው። ከግድግዳ እናርቀዋለን፣ ብርድ ልብሱ መሬት አይነካም፣ አጎበሩም ጫፉ ፍራሹ ሥር ይታጠፋል እንጂ ግድግዳ ላይ አይንጠለጠልም። በአራቱ እግሮች ሥር ግድግዳቸው ለስላሳ የሆነ ጣሳዎች አስቀምጠን ሳሙና የተቀላቀለበት ውሃ ትንሽ እንጨምራለን። ለስላሳ ነገር መውጣት አብዛኛውን ትኋን ያቅተዋል፤ ወደ እኛ ሲመጣ እዚያ ይወድቃል። ጠዋት ጠዋት ጣሳውን ማየት ከማንኛውም ምርመራ የተሻለ ወሬ ይነግረናል። የቀሩት ሥራዎች የሶኬቱን ዙሪያ፣ የቧንቧውን ቀዳዳና የግድግዳውን ስንጥቅ በስቱኮ ወይም በሲሊኮን መድፈን ናቸው።

ስለ ወጥመድ ካነሣሁ አይቀር፣ በባልካን አገሮች ሰዎች ሌሊት የቦሎቄ ቅጠል አልጋ ሥር ይበትኑ ነበር፤ ጠዋት በትኋን የተሞላውን ጠርገው ያቃጥሉታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ምክንያቱን አሳየ፦ ቅጠሉ ላይ ያሉት በዓይን የማይታዩ መንጠቆ መሳይ ፀጉሮች የትኋኑን እግር ወግተው ይይዛሉ። በሲዳማ ጓሮ ሁሉ ቦሎቄ ሞልቶ ሳለ ይህን ባለማወቃችን ቆጨኝ። ቅጠሉ ሲደርቅ ኃይሉ ያልቃል፣ ቤትም አያጸዳም፤ ለአንድ ሌሊት ግን ይረዳል።

የሆነ ሆኖ ብቻዬን የፈላ ውሃ ባፈስ፣ ብቻዬን ብደፍን፣ ከላይና ከታች እስካሉ ድረስ ይመለሳሉ። ስለዚህ ወደ ሕንፃው ኮሚቴ ሄድኩ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370 የቤት ባለቤቶች ማኅበር የጋራ መጠቀሚያውን እንዲያስተዳድር ያደርጋል፤ ግድግዳውና ቱቦው የጋራ ከሆኑ በውስጣቸው የሚመላለሰውም የጋራ ነው ብዬ ተከራከርኩ። ትኋን ያለበት ማነው ሲባል መጀመሪያ ማንም እጁን አላወጣም። እኔ "የእኔ ቤት አለ" አልኩ። ከሦስተኛ ፎቅ ያሉት እናት ቀና ብለው አዩኝና "የኔም" አሉ። ከዚያ እጅ በእጅ ላይ ወጣ።

የተስማማነው እንዲህ ነው። በአንድ ቅዳሜ ሁሉም ቤት፣ የተነከሰም ያልተነከሰም፣ ይፈተሻል። የተገኘባቸው ቤቶች፣ ከጎናቸው፣ ከላያቸውና ከሥራቸው ያሉትም በዚያው ዕለት ይሠራሉ። ተከራይ አይባረርም። መድኃኒት የሚረጭ ከመጣ የሚረጨውን ስሙን ይነግረናል፣ በአንድ ቀን ለሁሉም ይረጫል። አቅም የሌለውን ከዕድር እንደምናደርገው እንደግፋለን። ከ14 ቀን በኋላ ያው ሥራ ይደገማል። ለምን 14? ከመጀመሪያው ዙር ያመለጡት እንቁላሎች በዚያ ጊዜ ተፈልፍለው ያልቃሉ፣ ነገር ግን አንዳቸውም እንቁላል ለመጣል አልደረሱም። በመካከላቸው ያለችው ያቺ አጭር ጊዜ የእኛ ናት።

ዛሬ ሐሙስ 12ኛ ቀናችን ነው። ጠዋት አራቱን ጣሳዎች አየሁ። ሦስቱ ባዶ ናቸው። በራስጌው በኩል ባለው ውስጥ ከጤፍ ብዙም የማትበልጥ አንዲት ግልገል ተንሳፍፋለች። ከሦስተኛ ፎቅ ላሉት እናት ደወልኩላቸው፤ በእሳቸው ጣሳ ሁለት አግኝተዋል። ሁለተኛው ዙር ከነገ ወዲያ ነው፤ ማንቆርቆሪያ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ ተብሎ ደረጃው ላይ ተለጥፏል።