ኢንፍሉዌንዛ እና የትምህርት ቤት ልጆች

ኢንፍሉዌንዛ በቫይረስ የሚመጣ፣ የመተንፈሻ አካላትን የሚያጠቃ ተላላፊ በሽታ ነው። በየዓመቱ በስፋት የሚዛመቱት ኤ እና ቢ የሚባሉት ዓይነቶች ናቸው፤ በ1911 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ያጠቃው የኅዳር በሽታም የኤ ወገን ነበር። ተራ ጉንፋን በአፍንጫ ፈሳሽና በማስነጠስ ቀስ ብሎ ሲጀምር፣ ኢንፍሉዌንዛ ድንገት ይጥላል። ጠዋት ሲጫወት የነበረ ልጅ ከሰዓት በኋላ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ቁርጥማትና ደረቅ ሳል ይዞት ይተኛል። ልጆችን አንዳንዴ ያስመልሳቸዋል፤ ያስቀምጣቸዋልም።

ቫይረሱ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ከ1 እስከ 4 ቀን ይፈጃል። ሕመምተኛው ግን ምልክት ከማሳየቱ 1 ቀን ቀድሞ ማስተላለፍ ይጀምራል፤ ከታመመ በኋላም ከ5 እስከ 7 ቀን ያስተላልፋል፤ ሕፃናት ከዚያም በላይ። ስለዚህ የታመመን ልጅ ቤት ማስቀረት ብቻውን ስርጭቱን አይገታም። ይሁንና ቫይረሱ በብዛት የሚወጣው በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ገደማ ስለሆነ፣ ያን ጊዜ ከክፍል መቅረቱ ብዙ ልጆችን ያድናል። የተለመደው ምክር ትኩሳቱ ያለ ማስታገሻ ከጠፋ 24 ሰዓት ሳይሞላው ተማሪው እንዳይመለስ ነው። ፓራሲታሞል ወስዶ ማለዳ የሚላክ ልጅ ትኩሳቱ ለጥቂት ሰዓታት ቢበርድም ማስተላለፉን አያቆምም። ፈተና በደረሰበት ሳምንት ግን ይህን ምክር የሚጠብቅ ወላጅ ጥቂት ነው።

በሽታው የሚተላለፈው በአብዛኛው ሲስሉ፣ ሲያስነጥሱና ሲነጋገሩ በሚወጡ ጥቃቅን ጠብታዎች ነው። «ብርድ ይመታቸዋል» ተብሎ የክፍሉና የሰርቪሱ መስኮት ጥርቅም ተደርጎ ሲዘጋ እነዚህ ጠብታዎች ተማሪዎቹ ደጋግመው በሚተነፍሱት አየር ውስጥ ይከማቻሉ። ከውጭ የሚገባው ነፋስ በሽታ አያመጣም፤ ያለውን ያሳሳል እንጂ። ልጁ ቀዝቃዛ ከሆነበት ሹራብ ደርቦ መስኮቱ ገርበብ ቢል ይሻላል። ቫይረሱ እንደ ዴስክና የበር እጀታ ባሉ ጠንካራ ነገሮች ላይ እስከ 48 ሰዓት ሊቆይ ስለሚችልም እጅን በሳሙና መታጠብ፣ በክርን ማስነጠስና የውኃ ኮዳ አለመጋራት ይጠቅማሉ።

ለሕክምናው በአብዛኛው ዕረፍት፣ በቂ ፈሳሽና እንደ ክብደቱ መጠን የሚሰጥ ፓራሲታሞል ይበቃሉ። ከመድኃኒት ቤት በራስ ፈቃድ የሚገዛ አሞክሳሲሊን ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይገድልም። አስፒሪን ደግሞ ለልጆች ፈጽሞ አይሰጥም፤ ከኢንፍሉዌንዛ ጋር ሲገጥም ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ ሬይ ሲንድረም የተባለ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ከ6 ወር ዕድሜ ጀምሮ የሚሰጥ ክትባትም አለ፤ ቫይረሱ መልኩን ስለሚለዋውጥ በየዓመቱ ይታደሳል፤ መከላከል ለመጀመርም 2 ሳምንት ገደማ ይወስድበታል።

ልጁ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ሲተነፍስ ጎድኑ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም በርዶ የነበረው ትኩሳት ከነሳል ተመልሶ ከመጣ ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ ይወሰድ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባ የሚበረታበት ወቅት በመሆኑ፣ በወባማ አካባቢ የሚኖር ልጅ ሲያተኩሰው ኢንፍሉዌንዛ ነው ብሎ ከመተው በፊት ደሙ መመርመር አለበት።